ከቀኝህ ያየሁት ፊት

አባዬ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። ያንተን እንዴት እንደምጠይቅ ስላላወቅሁ ዘለልኩት። እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን ዓመት ሞልቶህ ሁለተኛውን ጀምረሃል። ሙት ዓመትህም ትናንት ቅዳሜ ተደረገልህ። የምጽፍልህ ስለሱ ነው። ከሙት ዓመትህ በፊትና በኋላ የሆነው ነገር፣ ካንተ ሌላ የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ስለ ቤት ልንገርህ። አሁን የምንኖረው ሰሚት፣ በአክስቴ በአስካለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የቦሌ ሚካኤሉን ቤት ከአርባህ በኋላ ለቀቅነው። እማዬ ሰፋብን አለች። ሁለት ክፍል ቤት እንዴት እንደሚሰፋ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አንተ የምትሥልበትን ክፍል ጎረቤታችን የነበረው በር ሠሪ ወስዶት ብረት ያስቀምጥበታል። አንድ ቀን ታክሲ ተሳፍሬ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ብሩሽህን የምትሞክርበት ግድግዳ እንዳለ ነው፤ ቀለሞቹ ከብረቱ በላይ ይታያሉ። ሰውየው ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ አለኝ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። ታውቀኛለህ።

እማዬ ቦሌ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታለች። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ሲመሽ ትመለሳለች፤ እጇ የሳሙና ሽታ አይለቀውም። አክስቴ አሁንም ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ናት፤ ጧፍ፣ ነጠላና የታተሙ የቅዱሳን ሥዕሎች ትሸጣለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነኝ። አንተ ስትታመም ከስምንተኛ ክፍል የተውኩትን ትምህርት አልቀጠልኩም። እማዬ የማታ ተመዝገቢ ትለኛለች። እሺ እላለሁ፣ እሺ ብዬ እቀመጣለሁ።

ዕቃህን በረንዳው ላይ አድርጌዋለሁ። የሸራ ማቆሚያህ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆሟል፤ አንሶላ በታጠበ ቀን ጎንበስ ብዬ ነው የምገባው። ቀለምህን የሚያቀጥነው አኳራጅ ደግሞ ነፋስ እየወሰደው ሦስተኛ ፎቅ ይወርዳል። ከሥራችን ያሉት ሴትዮ አንድ ቀን ወጥተው በሩን አንኳኩና ቤታችሁ ነዳጅ ማደያ ሆነ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የአኳራጁን ቆርቆሮ አፉን በላስቲክ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ቤንዚን ስንት ገባ እያሉ ይስቁብኛል። እኔም ሳልፈልግ እስቃለሁ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያናግረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ሙት ዓመትህ ሲቃረብ አክስቴ አንድ ነገር አመጣች። ሰው ሁሉ የሟቹን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ያቆማል። እሷ ግን ሠዓሊ ወንድሜን በታተመ ላስቲክ አላቆመውም አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ያን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ተቀምጠሽ ምን ተማርሽ፣ አንቺ ሥዪው አለችኝ። እማዬ መልሴን ስትጠብቅ አየኋት። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ።

ያን ቀን ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ለማንም አልነገርኩም። አንተን መሣል ካልቻልኩ ሌላ ምንም መሣል አልችልም። ብሩሾችህን አጥቤ፣ ጠቅልዬ፣ ለሚጠቀምባቸው ሰው እሰጣለሁ፤ ሁለተኛም አልነካም። ከዚያ ምን እንደምሆን አላሰብኩም። ከነሱ ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም።

ፎቶ ፈለግን። ስልክ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተንቀሳቅሰህ የወጡ ናቸው። ደህና የሚባለው የመታወቂያህ ፎቶ ነው። እሱን አስፍቼ እያየሁ ጀመርኩ። ግንባሩን አሳመርኩት፣ አፍንጫውም መጣልኝ። ዓይኑን ስጨርስ ግን ሸራው ላይ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ተቀምጧል። ማመልከቻ የሚቀበል ይመስላል። አክስቴ አየችና ይሄማ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው አለች። እማዬ ብዙ ጊዜ ቆማ ካየች በኋላ፣ ኮቱ እኮ የፎቶ ቤቱ ነበር፤ አንገቱ ላይ ጠብቦት ሲቁነጠነጥ ነው ያነሱት አለችኝ።

ፋቅሁት። እጀታውን በጨርቅ የጠቀለልካትን ቢላ አውጥቼ ልክ እንዳንተ ከላይ ወደ ታች ፋቅሁት። እንደገና ሣልኩ፤ እንደገና ሌላ ሰው መጣ። አንዴ የአክስቴን ሟች ባል መሰልክ። አንዴ ደግሞ ማንንም አትመስልም ነበር፤ እሱ ከሁሉም የባሰ ነው።

ያን ጊዜ ነው ያንተን ዓመታት ማስታወስ የጀመርኩት። ትንሽ ሆኜ ለአብያተ ክርስቲያናት ብቻ ስትሥል ትዝ ይለኛል። እጅህ ሳያቆም ይሄድ ነበር፤ እያፏጨህ መልአክ ትጨርሳለህ። በኋላ ድንገት ያን ትተህ የቦሌ ሚካኤልን የቆርቆሮ ጣራ በዝናብ ለመሣል ተነሣህ። ክረምቱን ሙሉ ሣልክ፣ ፋቅህ፣ ሣልክ፣ ፋቅህ። ሸራው ከቀለም ብዛት ከበደ። እማዬ ይሄ ሥዕል ነው ልስን እያለች ትቀልድብህ ነበር። እንቢ ሲልህ ፊቱን ወደ ግድግዳ ታዞረውና ተቀጥቷል ትለኛለህ። ከሳምንት በኋላ ቅጣቱን ጨርሷል ብለህ ትመልሰዋለህ። አንድ ቀን ብሩሽህን ጥለህ እጅህን እያየህ ተቀመጥክ። እኔ ጨርቁን ይዤ አጠገብህ ነበርኩ። ለኔ ይሁን ለራስህ አላወቅሁም፤ እንዲህ አልክ፦ «ችግሬ እጄ ማወቁ ነው። ዓይኔን አይጠብቅም።»

ያን ጊዜ አልገባኝም። የኔ እጅ ምንም ስለማያውቅ፣ እጅ ማወቁ እንዴት ችግር ይሆናል ብዬ ነበር። በመጨረሻ የሣልከው አንድ ጣራ ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ሦስት ድንጋይ። ዝናቡ የለም፤ ግን ሲያዩት ይበርዳል። ያን አልሸጥከውም። አሁን በአክስቴ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አክስቴ፣ ወንድሜ መልአክ መሣል እየቻለ ድንጋይ ሣለ ትላለች፤ ግን አታወርደውም።

እኔም እንዳንተ ልቀጣው ብዬ ሸራዬን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። አንተ ክፍል ውስጥ ነበርክ፤ እኔ በረንዳ ላይ መሆኔን ረሳሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና ሸራውን ገፍቶ የአክስቴ ነጠላ ላይ ጣለው። ገና ያልደረቀው ግንባርህ ከነጠላው ጥለት በላይ ታተመ። ቅዳሴ ልሄድበት ያጠብኩት ነበር፣ አንቺና አባትሽ እኔን ሥዕል ሳታደርጉኝ አትቀሩም አለችኝ። በአኳራጅ ብፈትገውም አለቀቀም። አሁንም ትለብሰዋለች፤ ያን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋ።

ከዚያ ፎቶውን ተውኩት። በልቤ አስታውስሃለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። አባዬ፣ የመጣልኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጆሮህ ነው። ከጆሮህ በላይ የሰካሃት ቀጭን ብሩሽ። ፀጉር አስተካካዩ የሚረሳት ሽበት። ቀጭን መስመር ስታወርድ ጥግ ጥጉን የምትንቀሳቀሰው ከንፈርህ። ሁሉም ከቀኝ በኩል። ፊትህን ወደኔ ላዞረው ሞከርኩ። እንቢ አለኝ።

ያን ጊዜ አወቅሁ። ፊት ለፊት አይቼህ አላውቅም።

አንተ ስታናግረኝ መሬት መሬት ነበር የማየው። ሌላው ሰው ሁሉ ቀና በይ ይለኛል፤ አስተማሪም፣ ዘመድም፣ ታክሲ ረዳት እንኳን። አንተ አንድም ቀን ብለኸኝ አታውቅም። መሬቱን እያየሁ ታወራኛለህ፣ መሬቱን እያየሁ እመልስልሃለሁ፣ ለሁለታችንም በቂ ነበር። ያየሁህ ስትሥል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ አታየኝም። መስኮቱ በግራህ ስለሆነ እዚያ ማንም እንዲቆም አትፈልግም፤ ብርሃኔን ትላለህ። ስለዚህ ቦታዬ በቀኝህ፣ የተገለበጠው ጀሪካን ላይ ነበር። እዚያ ተቀምጬ ሰዓታት ሙሉ አየሁህ። ሰው እንደዚያ ያየሁት አንተን ብቻ ነው።

በማግስቱ አዲስ ሸራ ወጠርኩ። ጀሪካኑን በረንዳው ጥግ አድርጌ ተቀመጥኩበት፤ አንተ ከፊቴ ብርሃኑን በግራህ አድርገህ እንደተቀመጥክ ቆጠርኩ። በከሰል ከግንባርህ ጀመርኩ። ከግንባርህ ወደ አፍንጫህ፣ ከአፍንጫህ ወደ ከንፈርህ ሳላቋርጥ ወረድኩ። አልተመለስኩም፣ አልፋቅሁም። መስኮቱ ከወዲያ ስለነበር ጉንጭህ ሁልጊዜ ጥላ ነው፤ የሚበራው ጠርዝህ ብቻ ነው። ጉንጭህን በቡናማና በትንሽ ሰማያዊ አጨለምኩት። ጠርዙን ለመጨረሻ አቆየሁና አንድ ቀን ጠዋት በነጭና በቢጫ አወረድኩት። ዓይንህም አንድ ነው፤ ወደ ሸራህ ያያል፣ ወደኔ አይደለም። እጄ ዓይኔን ጠበቀ። አባዬ፣ መጣህ። ፎቶው ላይ የሌለህ አንተ መጣህ። ከደስታዬ ብዛት የማደርገው ጠፍቶኝ ወለሉን አጠብኩ።

አክስቴ ማታ ከሳሊተ ምሕረት ስትመለስ ወደ በረንዳው ይዤያት ወጣሁ። ሌላ ጊዜ ራሷ እስክታየው ነበር የምጠብቀው። መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቀጥሎ ቀረብ አለችና ሁለተኛው ዓይኑስ አለችኝ። ከጎን ስለሆነ ነው ልላት ስል ፊቷ ተለወጠ። እንዲህ ያለችው ቀስ ብላ ነው፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፦ «ወንድሜን ይሁዳ አደረግሽው።»

ያን ጊዜ ብቻ ነው ትዝ ያለኝ። አንተ ራስህ ነግረኸኛል እኮ! ጸሎተ ሐሙስን ስትሥል ያ ሰውዬ ለምን ወደ ጎን ያያል ብዬህ፣ ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ከሃዲና ሰይጣን ግን በአንድ፤ ፊታቸውን ለሰው አይሰጡም ብለኸኛል። አክስቴ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ቀኑን ሙሉ የምትሸጣቸው ቅዱሳን ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ነው የሚያዩዋት። የሠዓሊ ልጅ ሆኜ ያን ረሳሁት። ሰው ተሰብስቦ ነፍስ ይማር በሚልበት ቀን፣ አባቴን በከሃዲ ዓይን ላቆመው ነበር።

ሙት ዓመቱ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። አክስቴ ወይ ሁለተኛውን ዓይን ጨምሪ፣ ወይ ፎቶውን አሳትማለሁ አለች። ብሩሹን አነሣሁ። አፍንጫህን ትንሽ አዙሬ ወዲያ ማዶ ዓይን ማስገባት ይቻላል፤ እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ፣ እጄ ያውቃል። ብሩሹ ላይ ነጭ ቀለም እንዳለ ቆምኩ።

እማዬ መጣች። እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ሥዕሉ ፊት ቆመች። አክስቴ ነገሩን በሙሉ ነገረቻት። እማዬ አልተቆጣችም። ለምንድነው ወደኛ የማያየው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ሁለቱም እኔን እየጠበቁ ነበር። መሬት እያየሁ ልመልስ አስቤ ነበር፤ ግን ሥዕሉ ፊቴ ስለሆነ እሱን እያየሁ መለስኩ፦

«እኔ ያየሁት ከዚህ ነው። ሲሥል።»

ሁለተኛውን ዓይን ሳልጨምር ብሩሹን አኳራጁ ውስጥ ነከርኩት። አክስቴ ዛሬ ገና አፍ አወጣች ብላ ጫማዋን አድርጋ ፎቶውን ለማተሚያ ልትሰጥ ወጣች። በማግስቱ የታተመውን ፎቶህን ይዛ መጣች፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ከነኮቱ።

ሙት ዓመትህ ኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት ውስጥ ተደረገ። ፎቶህ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ጧፍ በርቶለታል። ነፋስ ሲገባ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ሰው ሁሉ እያየው ምን አለ እንዲህ በሕይወት ቢኖር ይላል። እኔ ውኃ አዞርኩ። ዝቅ ብዬ ስቀዳ፣ ቀና ስል፣ ዓይኖችህ እኔ ላይ ናቸው፤ ግን አላወቅኸኝም፣ እኔም አላወቅሁህም። ያን ያህል ሰው መሃል ሆኜ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። አብሮህ ቤተ ክርስቲያን ይሥል የነበረው ጓደኛህ ስወጣ ያዘኝና ትሥያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልሥልም አልኩት። የዋሸሁ አልመሰለኝም። ሰው ሲበተን ቤት ወጥቼ ብሩሾችህን ሁሉ አጠብኩ፣ በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ አሰርኳቸው።

ዛሬ እሑድ ጠዋት ስነሣ አክስቴ በረንዳው ላይ ነበረች። ሥዕሉ ፊት ጀሪካኑ ላይ ተቀምጣለች። ቡናዋ አጠገቧ ቀዝቅዟል። መምጣቴን ሰምታለች ግን አልዞረችም። ልመለስ ስል ተናገረች፦

«ጆሮው የአባታችን ነው። አንቺ እሱን አላየሽውም።»

ከዚያ ስለ አያቴ ነገረችኝ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው በኮቴው ይለይ ነበር አለችኝ፤ አንተ ሕፃን ሆነህ ጆሮውን ይዘህ ካልሆነ አትተኛም ነበር አለችኝ። ይህን አልነገርከኝም። ምናልባት አታስታውሰውም። ተነሥታ ዓይኑን ግን አልወደድኩትም አለች። በሩ ላይ ደርሳ ደግሞ፣ ፀሐይ ያበላሸዋል፣ አስገቢው አለችኝ። ሳሎን አላስሰቀለችውም። የራሷ መኝታ ክፍል ወስዳ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠችው።

ጨርቁን ፈታሁ። ብሩሾቹ ገና እርጥብ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ እማዬን ተቀመጪልኝ አልኳት። እሑድ ማረፊያዋ ነው። እኔን ነው የምትሥዪው ብላ ሳቀች፣ ፀጉሯን ነካካች፣ ነጠላ ለውጣ መጣች። ፊት ለፊት አስቀመጥኳትና ጀመርኩ። አባዬ፣ ከባድ ነው። ሰው ሲያይህ እሱን ማየት ከባድ ነው። ሁለት ጊዜ ብሩሽ የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ አልኩ። ግን አየኋት። ቅንድቧ ሥር ትንሽ ጠባሳ አለች፤ አሥራ ሰባት ዓመት አብሬያት ኖሬ አላውቃትም ነበር። ምንድነው ብዬ ጠየቅኋት። በተጋባችሁ ሰሞን የሸራ ማቆሚያህ ወድቆባት እንደሆነ፣ አንተም ደንግጠህ ደሟን በቀለም ጨርቅ ስትጠርግላት ፊቷን አረንጓዴ እንዳደረግከው፣ ሐኪም ቤት ሲያዩዋት ምን ነካት እንዳሉ ነገረችኝ። ሳቀች። ስትስቅ ደከማትና ወንበሩ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።

ይህን የምጽፍልህ እሷ እስክትነቃ ነው። ፊቷን ጀምሬዋለሁ፣ የዓይኖቿ ቦታ ግን ባዶ ነው።

አባዬ፣ ያየሁትን ያንተን ጎን አልለቅም። ያላየሁት ብዙ ነው፤ እሱ ደግሞ እማዬ ዘንድ አለ፣ አክስቴ ዘንድ አለ፣ ምናልባት ትናንት ዋሽቼ የሸኘሁት ጓደኛህ ዘንድም አለ። ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። መሬት እያየሁ ሳይሆን እነሱን እያየሁ እጠይቃለሁ። የነገሩኝን ሁሉ በሣልኩ ቁጥር አስብሃለሁ፤ ሳልሥልም አስብሃለሁ።

እማዬ ተነቃነቀች። ልሂድ፣ ልያት።

ልጅህ ቤዛ